አዲስ ሰውን ከኦሪየንቲሪንግ የሚያባርሩ ስህተቶች

ይህን የምጽፈው ስዊድን ውስጥ የኦሪየንቲሪንግ ክለብ ገብታችሁ ወዳጆቻችሁን፣ በተለይ የኛን ሰው፣ ልታመጡ ለምትፈልጉ ነው። ስፖርቱን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ካርታና ኮምፓስ ይዛችሁ ጫካ ትገባላችሁ። ካርታው ላይ የተከበቡትንና ቁጥር የተሰጣቸውን ቦታዎች በተራ ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ብርቱካናማና ነጭ ምልክት አለ፤ ጣታችሁ ላይ ያሰራችሁትን፣ መድረሳችሁን የሚመዘግበውን ቺፕ እዚያ ያለው ሳጥን ላይ ታስነኩና ጢጥ ሲል ወደሚቀጥለው። በየት በኩል እንደምትሄዱ የምትወስኑት ራሳችሁ ናችሁ።

ስፖርቱ ስዊድን ውስጥ የተስፋፋው ራሱ ሰው ለመሳብ ሲባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 ኤርንስት ኪላንደር የሚባል የስዊድን መኮንን ወጣቶች ከአትሌቲክስ እየራቁ መሄዳቸው አሳስቦት ስቶክሆልም አጠገብ ውድድር አዘጋጀ። ከ200 በላይ ሰው መጣ። ዛሬ ግን ብዙ ክለቦች ሰው አንዴ ይመጣላቸውና ሁለተኛ አያዩትም። ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የጋባዡ ነው።

"ሯጭ ስለሆነ ይችላል" ማለት

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ክለቡ በር ላይ ብቅ ሲል የሁሉም ፊት ይበራል። ኃይሌን ይጠሩለታል፣ ቀነኒሳን ይጠሩለታል። ከዚያ የጀማሪውን መስመር ዘለው ከባዱን ካርታ ያስይዙታል። እግር ብቻውን ምን ያደርጋል? ካርታ ማንበብ ያልተማረ ፈጣን ሰው የሚለየው ቶሎ በመራቁ ብቻ ነው።

እዚህ አገር መስመሮቹ በቀለም ይለያያሉ። አረንጓዴና ነጭ ለጀማሪ ናቸው፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ እንዲህ እያለ እስከ ጥቁር ይከብዳል። በትራክ ጥሩ ሰዓት ያለው አንድ ልጅ የመጀመሪያ ቀኑ ከከባዶቹ አንዱ የሆነው ሰማያዊ መስመር ሲሰጠው አይቻለሁ። የመጀመሪያው ምልክት ከመንገድ ርቆ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ነበር። ልጁ በሩጫ አልፎት ሄደ፣ ረግረግ ውስጥ ገባ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ አለፈው። ስምንት ዓመት የማይሞላቸው ልጆች በአጠገቡ እያለፉ የራሳቸውን ምልክት ሲያገኙ ቆሞ ያያል። በመጨረሻ በመኪና መንገድ ዞሮ፣ ጫማው ውሃ ጠጥቶ፣ ድንኳኑ ሲፈርስ ደረሰ። ሁሉንም በትሕትና አመስግኖ ሄደ። ከዚያ በኋላ ድርሽ አላለም። ኩሩ ልጅ ነው፤ በማያውቀው ነገር ሰው ፊት እንዲዋረድ ያደረግነው እኛ ነን፣ የሚያሳዝነው ደግሞ እንደ ክብር ቆጥረንለት ነው ያደረግነው።

ነጩን መስመር ስጡት። ምልክቶቹ መንገድ ዳር ወይም መንገድ አጠገብ ናቸው። እየተራመደ ይሂድ። መነሻው ላይ አንድ ነገር ብቻ አሳዩት፦ መሬቱ ላይ ያለው መንገድ ወዴት እንደሚሄድ አይቶ፣ ካርታው ላይ ያለው መንገድም በዚያው አቅጣጫ እስኪሆን ካርታውን ማዞር። አንድ ጊዜ ከገባው ሌላው ይከተላል። የመጀመሪያውን ምልክት ራሱ ሲያገኝ ፊቱን እዩት፤ ያኔ አትለምኑትም፣ ሁለተኛው የታለ ብሎ እሱ ይጎትታችኋል።

ካርታውን መቀማት

ጀማሪውን አጅበው ሄደው ካርታውን ራሳቸው የሚይዙ አሉ። "ና፣ በዚህ ነው" እያሉ ከፊት ይቀድማሉ። ሰውዬው ጫካ ውስጥ ሽርሽር ወጣ እንጂ ምን ተማረ? ካርታው በእሱ እጅ ይሁን፣ እናንተ ከኋላ ሁኑ። ሲሳሳት ትንሽ ይሳሳት። "አሁን በስተቀኝህ ምን ይታይሃል? ካርታው ላይስ?" ብላችሁ ጠይቁት፣ በቂ ነው።

ሁሉን ነገር መነሻው ላይ ማስተማር

የከፍታ መስመር፣ የካርታ ስኬል፣ የኮምፓስ ዲግሪ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። አይያዝም። የካርታውን ቀለማት ብቻ ንገሩት፣ በተለይ አንዷን፦ ካርታው ላይ ነጭ የሆነው ባዶ ሜዳ ሳይሆን እንደልብ የሚሮጥበት ጫካ ነው፤ ሜዳው ቢጫ ነው፣ አረንጓዴው እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ለማለፍ የሚያስቸግር ጥቅጥቅ ያለ ነው። ይህን ካልነገራችሁት መጀመሪያ የሚሄደው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው።

ፍርሃትን ማቃለል

"ልጄ ቢጠፋብኝስ?" የምትል እናት "አይዞሽ፣ ምንም አይሆንም" በሚል መልስ አትረጋጋም። ጫካ ማለት አደጋ ነው ተብሎ ያደገ ሰው ማብራሪያ ይገባዋል። አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ አካባቢውን ካርታው ላይ አሳዩዋት፦ በዚህ በኩል የመኪና መንገድ አለ፣ በዚያ ሐይቅ፣ ልጁ ግራ ቢገባው ወዴት እንደሚወጣ ይኸው። የመጀመሪያ ቀን ልጁን ብቻውን አትላኩት፤ ከፈለገች እሷም አብራችሁ ትሂድ። እዚህ አገር በሰው ጫካ ውስጥ በጥንቃቄ መሄድ በሕግ የተፈቀደ መብት እንደሆነም ንገሯት፤ ብዙ ሰው ባለቤቱ መጥቶ ይጮህብኛል ብሎ ይሳቀቃል።

መዥገርንም አትደብቁ። ረጅም ሱሪ ይልበሱ፣ ቤት ሲገቡ ሰውነታቸውን ይፈትሹ፣ ስቶክሆልም አካባቢ የሚኖሩ መዥገር ለሚያስተላልፈው በሽታ ስለሚሰጠው ክትባት ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።

መድረሻው ላይ ሪፖርት ማድረግን አለመንገር

ጨረሰም አልጨረሰም፣ እያንዳንዱ ሰው ተመልሶ መድረሻው ላይ መታየት አለበት። ለነባሩ ግልጽ ነው፣ ለአዲሱ ግን አይደለም። አንዱ ሲሰለቸው አቋርጦ አውቶቡስ ተሳፍሮ ቤቱ ገባ። እኛ እስኪመሽ ጫካውን ስናስስ ነበር። ይህን ሳትነግሩ ማንንም አታስነሱ።

ዕቃ ማስገዛት

የስፖርት ጫማና ሱሪ ይበቃል። ኮምፓስና ቺፕ ከክለቡ አውሱት።

እሑድ ጠዋት መጥራት

ብዙ ውድድር እሑድ ይደረጋል። የኛ ሰው እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ከቅዳሴ ቀርቶ ምልክት ፍለጋ አይመጣም፣ ይምጣ ማለትም ተገቢ አይደለም። ሰኔ ላይ እኮ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ብርሃን ነው! በሥራ ቀን ከሥራ መልስ ጥሩት። ጫካውም ሩቅ መሆን የለበትም። በመኖሪያ ሰፈርና በፓርክ ውስጥ የሚካሄድ አጭር ዓይነት አለ፣ ሕፃናት በጋሪ እየተገፉ የሚመጡበት። ደግሞ ብዙ ከተሞች ውስጥ ሂታኡት የሚባል አለ፦ ካርታው በነፃ ይታደላል፣ ምልክቶቹ ወራት ሙሉ ቆመው ይቆያሉ፣ ቤተሰብ በፈለገው ቀን በራሱ ሰዓት ወጥቶ ይፈልጋል። ሰዓት የሚይዝበት የለም። ለሚያፍር ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

"ደስ ካለህ ና" ብሎ መሸኘት

ሰውዬው ደስ ብሎት፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ሊሄድ ሲል የሚቀጥለውን ቀን ሳትነግሩት አትልቀቁት። ድረ ገጹ ላይ አለ አትበሉት፤ ድረ ገጹ በስዊድንኛ ነው፣ በዚያ ላይ በአሕጽሮት የተሞላ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በአማርኛ ጽፋችሁ በስልኩ ላኩለት። ብዙው ጫካ አውቶቡስ አይደርስበትም፣ ስለዚህ መኪና ያለው ማን እንደሆነና ከየት እንደሚያነሳው እዚያው ተነጋገሩ። ዋዜማው ላይ ደግሞ ደውሉለት።