ምድጃ ሳይለኮስ ፎሶሊያ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት የተከራየሁ ሰሞን ምድጃ አልነበረኝም። ፍሪጅና አንዲት ማይክሮዌቭ፣ በቃ። ከሥራ የምገባው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ምድጃስ ቢኖር በዚያ ሰዓት ሽንኩርት ላቁላላ ብል ከላይ የተኙት አከራዮቼ ምን ይሉኛል? ስቲም ባግ የሚባለውን፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ በእንፋሎት የሚያበስል የላስቲክ ከረጢት የለመድኩት ያኔ ነው። አሁን ምድጃ አለኝ፣ ግን አልተውኩትም።

መጀመሪያ ከረጢቱን እንለይ። ሳንድዊች የሚያዝበት ተራው ባለዚፕ ላስቲክ አይደለም። ማይክሮዌቭ ውስጥ ለማብሰል ተብሎ የተሠራ፣ እንፋሎቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው፣ ይህም ላዩ ላይ የተጻፈበት መሆን አለበት። እኔ አንድ ሌሊት "ያው ላስቲክ አይደል" ብዬ ካሮቴን በተራው ከተትኩ። እንደ ፊኛ ተነፋ፣ ተነፋ፣ ከዚያ ጧ! ከማይክሮዌቩ ጣሪያ ላይ ካሮት ስለቅም አመሸሁ። ፌስታልማ ጭራሽ አይታሰብ።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ አትክልቱ ውስጥ ያለው ውሃ ይሞቅና እንፋሎት ይሆናል፣ ከረጢቱ ያንን አፍኖ ይይዝና አትክልቱን ያበስለዋል። ስለዚህ ውሃ አትጨምሩበት። አጥባችሁ ሳይደርቅ ከከተታችሁት ይበቃዋል።

ለአንድ ሰው ሁለት እፍኝ ፎሶሊያ ጫፍ ጫፉን ቁረጡ። አንድ ካሮት ደግሞ ከፎሶሊያው ቀጠን አድርጋችሁ ክተፉ፤ ካሮት ግትር ስለሆነ እኩል ከቆረጣችሁት ፎሶሊያው ሲልም እሱ ገና ይንኮሻኮሻል። ከረጢቱን ከግማሽ በላይ አትሙሉት። ዚፑን በጣታችሁ ከዳር እስከ ዳር ተጫኑና አትክልቱን ዘርግታችሁ፣ ቀዳዳውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙት። 1000 ዋት በሆነ ማይክሮዌቭ 4 ደቂቃ ይበቃል፤ 700 ከሆነ ግን ወደ 6 ይጠጋል። ዋቱ አብዛኛውን ጊዜ የበሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ወይም ከጀርባው ተጽፏል። ሲጨርስ እንዳትቸኩሉ፣ እዚያው 2 ደቂቃ ይቆይ፣ መብሰሉን አላቆመም። ስትከፍቱት ፊታችሁን አርቁ፤ እንፋሎት ከፈላ ውሃ አይተናነስም፣ እጄ ምስክር ነው።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ቅሬታ ይመጣል፦ "የሆስፒታል ምግብ ነው እኮ!" እውነት ነው። ከረጢቱ ይቀቅላል እንጂ ወጥ አይሠራም። ዘይት ውስጡ ልጨምር እንዳትሉ ደግሞ፣ ዘይት ከውሃ መፍያ በላይ ስለሚግል ላስቲኩን ሊያቀልጠው ይችላል። የኔ መላ ቁሌት ነው። እሁድ እህቴ ቤት እሄድና አምስት ትልልቅ ሽንኩርት በዘይት በደንብ አቁላላለሁ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ትንሽ እርድ ይገባበታል። የሦስት ቀን የሚሆነው በብርጭቆ ዕቃ ፍሪጅ ይገባል፣ የቀረውን በረዶ መሥሪያው ላይ በማንኪያ እየጠፈጠፍኩ ፍሪዘር። ሌሊት ስገባ ትኩሱን ፎሶሊያ ሳህን ላይ ገልብጬ ሁለት ማንኪያ ቁሌት፣ ጨው፣ አንድ የተሰነጠቀ ቃሪያ አደርግበትና ከድኜ 40 ሰከንድ አሞቀዋለሁ። ከእንጀራ ጋር ማን ይለየዋል?

ድንችም በዚሁ ይሄዳል፣ በትንሽ በትንሹ ከተቆረጠ። ጥቅል ጎመንማ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ሀበሻ ጎመን ግን አልሆነልኝም፣ እንደ ገመድ ይላል። ሽሮና ምስርን ለድስት ተዉለት።

ሳልመንም እሠራለሁ (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለናንተ ትቼ)። አንድ ቁራጭ፣ ሎሚ፣ ቁንጥር ሚጥሚጣ፣ 3 ደቂቃ ገደማ። በሹካ ሲነካ መሃሉ ድረስ ከተሸረከተ ደርሷል፤ የሥጋ ቴርሞሜትር ያለው 145 ፋራናይት ይጠብቅ። ዶሮ 165 መድረስ አለበት። ማይክሮዌቭ አንዱን ጎን አቃጥሎ ሌላውን ጥሬ የሚተው ዕቃ ስለሆነ እኔ ጥሬ ዶሮ አልሞክርበትም።

ከረጢቱ አንዴ ካገለገለ ይጣላል። ቆጥቤ አጥቤ ደገምኩት፤ ዚፑ መሃል ላይ ተከፈተና ድንቹ ግማሹ ደርቆ ግማሹ ጥሬ ወጣ።