ፓላዲን ስትሠሩ ካሪዝማን አትርሱ

ገጸ ባህሪ ፈጥራችሁ በዳይስ በምትጫወቱት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ፓላዲን፣ ማለትም ድግምትም የሚችል ቅዱስ ተዋጊ፣ ልትጫወቱ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ብዙ ጀማሪ የገጸ ባህሪውን የችሎታ ነጥብ ሁሉ ጉልበት ላይ ይከምርና ድግምቱ ጠላት ላይ አልሠራ ሲለው ግራ ይገባዋል። እኔም የመጀመሪያዬን ያበላሸሁት እንደዚሁ ነው።

በጨዋታው 5ኛ እትም የፓላዲንን ድግምት የሚመራው ካሪዝማ፣ ማለትም የገጸ ባህሪው ግርማና ሰውን የመሳብ ችሎታ ነው። ጠላት ድግምታችሁን ለመቋቋም በባለ 20 ገጽ ዳይስ ማምጣት ያለበት ቁጥር እንዲህ ይሰላል፦ 8፣ ሲደመር የብቃት ጉርሻ (ከደረጃችሁ ጋር የሚያድግ ቁጥር)፣ ሲደመር የካሪዝማ ጉርሻ። ካሪዝማችሁ 10 ከሆነ ጉርሻው ዜሮ ነው። 16 ከሆነ ግን 3 ነው። 3 ትንሽ ትመስላለች አይደል? በ2ኛ ደረጃ ላይ ግን የራሱ ጉርሻ የሌለው ጠላት ድግምቱን መቋቋም የሚያቅተውን ዕድል ከ45 በመቶ ወደ 60 በመቶ ታወጣዋለች።

6ኛ ደረጃ ስትደርሱ ደግሞ ያው ጉርሻ በእናንተና አጠገባችሁ ባሉ ጓደኞች መከላከያ ዳይስ (ድግምትና መሰል አደጋ ለመቋቋም በሚጣለው) ላይ ይደመራል። ለእኔ የፓላዲን ትልቁ ሀብት ይሄ ነው።

ካሪዝማው ዝቅ ካለባችሁም አትደንግጡ። ጓደኞችን የሚባርከው ድግምትም ሆነ በሰይፍ ምት ላይ የሚጨመረው መለኮታዊ ጉዳት ካሪዝማን አይጠይቁም። እነሱን ምረጡ። ቡራኬው ግን እንዲቆይ ትኩረት ይፈልጋል፤ ጠላት ሲመታችሁ ትኩረቱ እንዳይቋረጥ የሚያግዛችሁ ጽናት ነው፣ እሱንም 14 አድርሱት።

የቆየውን 3.5 እትም የምትጫወቱ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ እዚያ የፓላዲን ድግምት የሚሠራው በጥበብ ነው።