በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኝነትን ካመኑ በኋላ በቅጣትና በካሳ ላይ ይግባኝ እንዴት ይባላል?

ጥፋቱን ያመነ ሰው ይግባኝ የለውም ሲባል ይሰማል። ትክክል አይደለም። ቅጣቱም ሆነ ለተጎጂ ይከፈል የተባለው ካሳ ይግባኝ ሊባልበት ይችላል። ብዙዎች መብታቸውን የሚያጡት ቀን አሳልፈው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑን ይቁጠሩ። የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በመዝገብ ከሰፈረ በ14 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ የሚገባውም ለይግባኝ ሰሚው ሳይሆን ለፈረደው ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ይግባኝ ባዩ ማን ነው፣ የትኛው ፍርድ ነው፣ ወደ የትኛው ፍርድ ቤት ነው። ክርክሩ በኋላ ይጻፋል። ቀኑ ካለፈ ዳኛው በቂ ምክንያት ካገኘ እስከ 30 ቀን ሊጨምር ይችላል፤ በዚህ ግን አይተማመኑ። ታሳሪ ከሆኑ ማስታወቂያውን በ14ቱ ቀን ውስጥ ለእስር ቤቱ የፖስታ ክፍል ያስረክቡ፤ ያስረከቡበትን ቀንና ቴምብሩ መከፈሉን የሚገልጽ የተፈረመ ቃል ያያይዙ።

ጠበቃዎን «ይግባኝ ይበሉልኝ» ብለው በጽሑፍ ይዘዙ። ጥፋቱን ለማመን ከአቃቤ ሕግ ጋር በተዋዋሉት የድርድር ውል ላይ የይግባኝ መብትዎን ትተው ቢፈርሙም እንኳ፣ በግልጽ ካዘዙት ማስታወቂያውን ማስገባት ግዴታው ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 በጋርዛ ጉዳይ ይህንኑ አጽንቷል። ክፍያው 605 ዶላር ሲሆን፣ ፍርድ ቤት ጠበቃ ያቆመለት ሰው አስቀድሞ አይከፍልም።

ቀጥሎ ውሉን ቃል በቃል ያንብቡ። አንዳንዱ የሚከለክለው በእስራቱ ላይ ይግባኝ ማለትን ብቻ ነው፤ ካሳው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ይግባኝ ብል ቅጣቴ ይጨምራል ብለው ከፈሩ፣ አቃቤ ሕግ ራሱ ይግባኝ ካላለ በቀር ይግባኝ ሰሚው ቅጣቱን ከፍ አያደርግም። ጥፋተኛ ነኝ ብለው የሰጡትን ቃል ራሱን ማስፈረስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በድርድሩ የተነሱ ክሶች ሊመለሱ ይችላሉ።

አሁን ወደ ካሳው። በ1990 በሂዩይ ጉዳይ አንድ ሰው በአንድ የተሰረቀ ካርድ መጠቀሙን አምኖ ሳለ በ21 ካርድ ለደረሰው ጉዳት ክፈል ተብሎ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካሳው ጥፋተኛ ከተባለበት ወንጀል ጉዳት አይለፍ አለ። በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ፣ ወንጀሉ የተያያዘ የማጭበርበር ሴራ ከሆነ በሴራው ሁሉ የተጎዱትም ይካተታሉ፤ በውሉ ላይ የተስማሙበት ተጨማሪ ካሳም ይጸናል። እንግዲህ ለማን ስንት ይከፈል የሚለውን የካሳ ሰንጠረዥ ተጎጂ በተጎጂ ከክስ ወረቀቱና ከውሉ ጋር ያመሳክሩ። የጉዳቱን መጠን የማስረዳት ሸክም የአቃቤ ሕግ ነው። ተቃውሞዎ ግን የፍርድ ቤቱ የፕሮቤሽን ክፍል ከቅጣት ውሳኔ በፊት ለዳኛው የሚያዘጋጀው ሪፖርት ረቂቅ በደረስዎ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከዚያም በችሎት መቅረብ አለበት፤ በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳውን ይግባኝ ሰሚው የሚያርመው ስህተቱ ፍጹም ግልጽና ጎጂ ሲሆን ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ እዚህ አለ። ዳኛው እስራቱን ወስኖ የካሳውን መጠን ለሌላ ቀን ካስተላለፈ፣ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ካሳውን አይሸፍንም። መጠኑ ሲወሰን ሌላ ማስታወቂያ በሌላ 14 ቀን ውስጥ ያስገቡ። በ2017 በማንሪኬ ጉዳይ አቃቤ ሕግ ይህን ጉድለት ስላነሳ የካሳው ይግባኝ ውድቅ ሆኗል።

ዜግነት የሌላችሁ ወገኖች ለዚህ ቁጥር በጣም ተጠንቀቁ። በማጭበርበር የደረሰው ኪሳራ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ከአገር ሊያስባርር ይችላል፤ የኢሚግሬሽን ዳኛም የካሳውን ትዕዛዝ እንደ ማስረጃ ይመለከተዋል። ውሉን ሳይፈርሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

ይግባኝ ማለት በራሱ ክፍያውን አያቆምም። ይታገድልኝ የሚለውን ጥያቄ በቅድሚያ ለፈረደው ዳኛ ያቅርቡ፤ ከከለከለ ወደ ይግባኝ ሰሚው ይውሰዱት።