ከማሽኑ ገበታ የሚረዝም ሳንቃን በትንሽ ሲኤንሲ ራውተር ላይ ይዞ መቅረጽ

በባሕር ዳር ለጣና ዳር ማረፊያዎችና ለጀልባ መነሻዎች የስም ሰሌዳ የምንቀርጽ ሰዎች ዘወትር የሚገጥመን ችግር፣ የሚታዘዘው ሰሌዳ 120 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ ማሽናችን፣ ማለትም በኮምፒውተር እየታዘዘ የሚቀርጸው ሲኤንሲ ራውተር፣ የሚደርሰው 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ብቻ መሆኑ ነው። ገበታው የማይንቀሳቀስ፣ መቅረጫውን የተሸከመው ድልድይ በላዩ የሚመላለስና ፊትና ኋላው ክፍት የሆነ ማሽን ካለ፣ ሳንቃውን በ30 ሴንቲ ሜትር እየሳቡ በ4 ዙር መጨረስ ይቻላል። ገበታው ራሱ የሚሄድበት ማሽን ግን ረጅም ሳንቃ ሲጫንበት ሞተሩ እርምጃ ሊስት (ከታዘዘው ርቀት ሊያጎድል) ስለሚችል ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

ሥራው የሚጀመረው ከማሽኑ ውጭ ነው። በመጀመሪያው ዙር 80 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው የሳንቃው ክፍል ከኋላ ስለሚንጠለጠል፣ በሁለቱም በኩል ከገበታው ጋር እኩል ከፍታ ያለው መደገፊያ መቆም አለበት። ውሃ ልኩን ከገበታው ወደ መደገፊያው አሻግሮ ማየትና እግሩን በሽብልቅ ማስተካከል ይበቃል። ድጋፍ የሌለው ጫፍ ወደ ታች ሲወርድ በማሽኑ ውስጥ ያለውን ጫፍ ይፈነቅለዋል፤ መቆንጠጫውን ማጥበቅም ይህን አያስቀረውም።

ቀጥሎ በገበታው ላይ ከተነጠፈው ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ጠፍጣፋ እንጨት) ግራ ጠርዝ ቀጥ ያለ ጠባብ ጣውላ በብሎን ይታሰራል። ጣውላውን በስኳድራ ለክቶ ከማመን ይልቅ ማሽኑ ራሱ በ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ (መቅረጫ ስለት) ጠርዙን ከፊት እስከ ኋላ በስሱ እንዲልገው ማድረግ እጅግ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ጠርዙ ከማሽኑ ጉዞ ጋር ትይዩ ይሆናል። ሳንቃው በየዙሩ የሚደገፈው በዚህ ጠርዝ ስለሆነ የራሱም ጎን በደንብ የተላገ መሆን ይኖርበታል።

የዙሮቹን መገጣጠም የሚወስነው ችንካሩ ነው። የ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ሳንቃ በሁለቱም ጎን 2፣ 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አስቀርቶ መቁረጥ ይገባል፤ ችንካሩም መቆንጠጫዎቹም የሚያርፉት በዚሁ ትርፍ ላይ ነው። ማሽኑ በትርፉ ላይ በ300 ሚሊ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ቀዳዳዎችን፣ ሳንቃውን አልፎ ኤምዲኤፉ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር እስኪገባ ድረስ፣ በትንሽ በትንሹ ይበሳል። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ሳንቃው ተፈትቶ ወደ ፊት ይሳባል፤ የኋለኛው ቀዳዳው በፊተኛው የኤምዲኤፍ ቀዳዳ ላይ ሲያርፍ 6 ሚሊ ሜትር የብረት ችንካር ይገባበታል፤ የችንካሩ ራስም ከሳንቃው ገጽ በታች መቅረት አለበት። ከዚያም ማሽኑ ለሚቀጥለው ዙር ከኋላ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል። ሳንቃው ከመሳቡ በፊት ጠርዙን በብሩሽ መጥረግ ግዴታ ነው፤ በጣውላውና በሳንቃው መካከል የገባች ጥቂት ሰጋቱራ ሳንቃውን አጣማ በሰሌዳው ላይ የሚቀረጸውን የሐረግ ጌጥ መስመር ታፋልሰዋለች።

የአግድሙ ዜሮ (ማሽኑ ልኬቱን የሚጀምርበት ነጥብ) ከዙር ወደ ዙር ፈጽሞ አይነካም፤ የከፍታው ዜሮ ግን በየዙሩ እንደገና መወሰድ አለበት፤ የሳንቃው ውፍረት ከጫፍ ጫፍ አንድ አይደለምና። መብራት ቢጠፋም ሥራው እንዳይበላሽ፣ ከሳንቃው ውጭ ባለ የኤምዲኤፉ ማዕዘን ላይ አንድ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አስቀድሞ በስቶ ቦታውን መመዝገብ ይጠቅማል። መብራቱ ሲመጣ በፑንታው ምትክ የታሰረ 6 ሚሊ ሜትር ዘንግ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ያለ ግፊት ከገባ ዜሮው ተገኘ ማለት ነው።

ሳንቃው ከጎበጠ በመቆንጠጫ አስገድዶ ማስተኛት ስሕተት ነው፤ ሲፈታ ተመልሶ ይጎብጣል፣ የተቀረጸውም ጥልቀት አብሮ ይዛባል። ባዶ ለሆነው ሥፍራ ከሥር ስስ ካርቶን ደራርቦ መሙላት፣ ከዚያም በልኩ ማጥበቅ ይገባል። ባለፈው ክረምት ሁለት ዙር ማታ ቀርጬ የቀረውን ለነገ አሳደርኩት፤ ጠዋት የሳንቃው መሐል ወደ ላይ ተነሥቶ አገኘሁት። በ90 ዲግሪ ሹል ፑንታ የግማሽ ሚሊ ሜትር የጥልቀት ልዩነት መስመሩን በ1 ሚሊ ሜትር ስለሚያሰፋው፣ የሐረጉ ግንድ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ዙር ሲሻገር ድንገት ወፍሮ ታየ። ከዚያ ወዲህ 4ቱንም ዙር በአንድ ቀን እጨርሳለሁ፤ የዙሮቹንም መጋጠሚያ ሐረጉ በሚሳሳበት ወይም በፊደላት መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ አደርገዋለሁ።

ሁሉም ዙር አልቆ ሰሌዳው በዓይንም በጣትም ከተመረመረ በኋላ፣ ቀዳዳዎቹን የያዘው ትርፍ በመጋዝ ተቆርጦ ይወገዳል።