አትላንታ በረዶ ሊጥል ነው ሲባል፦ ሞዴል ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጃንዋሪ ሲገባ የአትላንታ፣ የሻርሎት፣ የናሽቪልና የዳላስ አበሻ ቴሌግራም ግሩፖች ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ መዞር ይጀምራል። ጆርጂያን ከላይ እስከ ታች ሐምራዊ ቀለም የቀባ ካርታ፣ መሃሉ ላይ 16 ኢንች ምናምን የሚል። ከሥሩ "ወገን ተዘጋጁ" ይጻፋል። ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ወተትና ዳቦ ይጠፋል። ቀኑ ሲደርስ ግን 45 ዲግሪ ፋራናይት ሆኖ ዝናብ ይዘንባል፣ ሰውም "እነዚህ ሜትሮሎጂዎች ውሸታም ናቸው" ብሎ ይገላገላል። ሜትሮሎጂዎቹ እኮ ምንም አላሉም። ካርታውን ያወጣው ኮምፒውተር ነው፣ ያሰራጨው የሰፈራችን ልጅ ነው።

ሞዴል፣ ማለትም የአየሩን ሁኔታ አስልቶ የሚተነብየውን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ማየት ደስ ይላል፣ እኔም ዊንተር በመጣ ቁጥር እንቅልፌን የምሰዋለት ነገር ነው። ግን የአሜሪካ ደቡብ እንደ ሚኒሶታ አይደለም። እዚህ ዋናው ጥያቄ ስንት ኢንች ይጥላል ሳይሆን የሚወርደው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

የአሥር ቀን ካርታ ማሰራጨት

ጂኤፍኤስ የሚባለው የአሜሪካ ሞዴል በቀን አራት ጊዜ ይወጣል፣ እያንዳንዱም 16 ቀን ድረስ ይሄዳል። በቀን አራት ጊዜ የሁለት ሳምንት ትንበያ እየወጣ አንዱ እንኳ ደቡብ ላይ በረዶ ሳይከምር አይቀርም። ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚቀጥለው ይወጣና በረዶው ሰሜን ካሮላይና ገብቶ ቁጭ ይላል፣ ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ልምድ ያላቸው ሰዎች "ክላውን ማፕ" (የቀልደኛ ካርታ) እያሉ የሚያሾፉበት ይሄንን ነው።

ከሳምንት በላይ ለቀረው ነገር ካርታውን ተዉትና ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ። ከካናዳ የሚወርድ ብርድ አለ ወይ? ከሜክሲኮ በኩል እርጥበት ይዞ የሚመጣ ነገር አለ ወይ? ሁለቱ አንድ ቀን ላይ ይገናኛሉ ወይ? ደቡብ ላይ ብርዱ ሲመጣ እርጥበቱ የለም፣ እርጥበቱ ሲመጣ ብርዱ ሄዷል፣ ነገሩ ሁሌ እንደዚህ ነው።

ሞዴል ከሩቅ ምንም አያይም ማለቴ ግን አይደለም። በማርች 1993 በርሚንግሃም አላባማ ላይ 13 ኢንች የጣለው ትልቁ ማዕበል አምስት ቀን ገደማ ቀድሞ ታውቋል። በጃንዋሪ 2000 ደግሞ ራሊ ሰሜን ካሮላይና ላይ 20 ኢንች ሲጥል ሞዴሎቹ አንድ ቀን ሲቀረው እንኳ አላገኙትም ነበር፣ ሰው ተኝቶ ሲነሳ መኪናው ተቀብሯል።

10 ለ 1 የሚለውን ካርታ እንደ ትንበያ መውሰድ

ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በነፃ የምናገኘው የበረዶ ካርታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በአንድ ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ ኢንች ውሃ አሥር ኢንች በረዶ ይሆናል ይላል፣ አለቀ። የደቡብ በረዶ ግን እርጥብና ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አሥር አይሞላም። ይሄ ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ችግር፣ ብዙዎቹ ካርታዎች ስሊትን፣ ማለትም ጠጠር ጠጠር የሚለውን በረዶ፣ ከእውነተኛው በረዶ ጋር ደባልቀው መቁጠራቸው ነው። አንድ ኢንች ውሃ ስሊት ሆኖ ቢወርድ መሬት ላይ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ኢንች ነው የሚሆነው። ካርታው ግን አሥር ብሎ ቀብቶታል።

ለምን ስሊት ይሆናል? ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው አየር ሞቃት ነው። መሬት ላይ የተኛውን ብርድ መግፋት ሲያቅተው ከላዩ ይወጣና ከ5,000 እስከ 10,000 ጫማ ከፍታ ላይ ይገባል። ዋርም ኖዝ የሚሉት እሱን ነው። ከደመናው በረዶ ሆኖ የተነሳው እዚያ ሙቀት ውስጥ ሲያልፍ ይቀልጣል። ከሥር ያለው ብርድ ወፍራም ከሆነ ጠብታው መሬት ሳይደርስ ተመልሶ ይጠጥራል፣ ስሊት ይሆናል። ብርዱ ስስ ከሆነ ግን ውሃ እንደሆነ ይደርስና የነካው ነገር ላይ ይረጋል፣ ዛፍ ላይ፣ የመብራት ሽቦ ላይ፣ ደረጃችሁ ላይ። ፍሪዚንግ ሬይን ይሄ ነው፣ እግዜር ያውጣን። ይሄን ሁሉ የሚወስነው ከላይ ያለች የአንድ ወይም የሁለት ዲግሪ ልዩነት ናት።

ስለዚህ ካርታውን ከማጋራታችሁ በፊት ሳውንዲንግ፣ ማለትም ከመሬት እስከ ላይ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት የሚያሳየውን ሥዕል፣ ክፈቱ። ብዙዎቹ የሞዴል ገጾች ላይ ሰፈራችሁን ስትጫኑ ይወጣል። ቀይዋ መስመር ሙቀት ናት፣ አረንጓዴዋ ጤዛ ነጥብ፣ የአየሩን እርጥበት የምትነግረን (ከሙቀቱ በራቀች ቁጥር አየሩ ደረቅ ነው)። ቀይዋን ከላይ ወደ ታች በዓይናችሁ ተከተሏት፣ የዜሮ ሴልሺየስን መስመር የትም ሳትሻገር መሬት ከደረሰች በረዶ ነው። ለምሳሌ ካርታው ማሪዬታ ላይ 8 ኢንች ብሎ ሳውንዲንጉ 800 ሚሊባር አካባቢ (6,000 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ) ሁለት ዲግሪ ከዜሮ በላይ ካሳየ፣ ያ 8 ኢንች ባዶ ወሬ ነው። ኩቼራ የሚባለው የካርታ አማራጭ የአየሩን ሙቀት ስለሚያስገባ ይሻላል፣ ግን እሱም ሳውንዲንግ ከማየት አያድንም።

ስልክ ላይ 38 አይቶ ተስፋ መቁረጥ

"38 ዲግሪ ነው፣ ምን በረዶ አለ" የሚል ሰው አይጠፋም። አየሩ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? ጥያቄው እሱ ነው። 38 ፋራናይት ሆኖ ጤዛ ነጥቡ 20 ከሆነ፣ ዝናቡ ሲጀምር ደረቁ አየር ውሃውን እየጠጣ ራሱ ይቀዘቅዛል፣ ወደ 32 ገደማም ይወርዳል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ በረዶ ሲሆን ያያችሁት ለዚህ ነው። በተቃራኒው 34 ሆኖ ጤዛ ነጥቡም 34 ከሆነ አየሩ የሚጨምረው ብርድ የለውም። ሌላ ብርድ ከሰሜን ካልተነፈሰ በቀር ዝናብ እንደሆነ ይቀራል። ዌት በልብ የምትለዋን ቁጥር፣ ማለትም አየሩ ውሃውን ጠጥቶ ሲጨርስ የሚወርድበትን ሙቀት፣ ፈልጉ፣ ከቴርሞሜትሩ ይልቅ እሷ ናት የምትነግራችሁ።

ብርዱ ቶሎ ይለቃል ብሎ ማመን

ኒው ዮርክና ኒው ኢንግላንድ አካባቢ ጠንካራ ሃይ ፕሬሸር (ከፍተኛ የአየር ግፊት) ሲቀመጥ፣ ብርዱን በአፓላቺያን ተራሮች ምሥራቃዊ ጎን ወደ ታች ይገፋዋል። ተራራው ስለማያሳልፈው ከቨርጂኒያ በካሮላይናዎች አድርጎ ሰሜን ምሥራቅ ጆርጂያ ድረስ ተጣብቆ ይተኛል። የአካባቢው ሰው ዌጅ ይለዋል። ይሄ ብርድ ስስና ከባድ ነው፣ ዓለም አቀፎቹ ሞዴሎች ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ቶሎ ማባረር ይወዳሉ። ሞዴሉ እኩለ ቀን ላይ 36 ይደርሳል ይላል፣ ጌይንስቪል ጆርጂያ ያለ ሰው ማታም 31 ላይ ነው።

አትላንታን እንደ አንድ ቦታ ማየትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ኤርፖርቱ ዝናብ ብቻ ሲያይ፣ ሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለችው ሎረንስቪል ላይ ዛፍ ሊሰበር ይችላል። ዘመድ ጋ ደውሎ "እኛ ጋ ምንም የለም" ማለት ትንበያ አይደለም።

የሰዓት ነገር

ካርታው ላይ ያለው ዜድ የግሪንዊች ሰዓት ነው። 12 ዜድ ማለት በዊንተር አትላንታ ላይ ጠዋት 7 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት። "00 ዜድ ማክሰኞ" የሚለው ደግሞ ሰኞ ማታ 7 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ማታ 1 ሰዓት። ሐበሻ ደግሞ ሰዓት በሁለት ቋንቋ ስለሚቆጥር ሦስተኛ ሲጨመርበት ሰው ሥራ የሚቀረው በተሳሳተ ቀን ይሆናል።

የአንድ ሞዴል ቲፎዞ መሆን

ዩሮ ይሻላል፣ ጂኤፍኤስ ይሻላል፣ ክርክሩ የጊዮርጊስና የቡና ነው የሚመስለው። ዩሮ የሚባለው የአውሮፓው ማዕከል ሞዴል በአማካይ ነጥቡ ከፍ ያለ መሆኑ የታወቀ ነው። ግን በአማካይ መሻል ማለት በእያንዳንዱ ማዕበል ልክ መሆን አይደለም። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ቲፎዞው የሚመርጠው ብዙ በረዶ ያሳየውን ነው። ዛሬ ዩሮ፣ ነገ ጂኤፍኤስ፣ ከነገ ወዲያ የካናዳው፣ ማን ጨመረ የሚለውን እያየ ይዞራል።

ከዚህ የሚሻለው ኦንሳምብል፣ ማለትም የአንድ ሞዴል ብዙ ትንበያዎችን አንድ ላይ፣ ማየት ነው። ዩሮ መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየቀያየረ 50 ጊዜ ይሠራል፣ ጂኤፍኤስ ደግሞ 30 ጊዜ። እዚህም ወጥመድ አለ። "አማካዩ 2 ኢንች ነው" ሲሉ ሰው ሁሉም ሁለት ሁለት ያሉ ይመስለዋል። 45ቱ ባዶ ብለው አምስቱ 20 ኢንች ቢሉም አማካዩ ያው 2 ነው። አማካዩን ተዉና ስንቶቹ ከአንድ ኢንች በላይ አሉ የሚለውን ቁጠሩ።

አሁን ደግሞ የኤአይ ሞዴሎች መጥተዋል። የአውሮፓው ማዕከል ኤአይኤፍኤስ የሚባለውን ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ በመደበኛነት ያወጣል። የማዕበሉን መንገድ ቀናት ቀድሞ በመያዝ በጣም ጎበዝ ነው። ግን ከመሬት እስከ ላይ አየሩን የሚያየው በ13 ደረጃ ብቻ ነው። ያቺ ከላይ የነገርኳችሁ ስስ የሙቀት ንብርብር በደረጃዎቹ መሃል ልታመልጠው ትችላለች። ማዕበሉ በየት ያልፋል ለሚለው እሱን እዩ፣ ስሊት ነው በረዶ ለሚለው ሁለት ቀን ሲቀር እንደ ኤችአርአርአር ያሉ ጥቃቅኑን የሚያዩ ሞዴሎችን ጠብቁ።

"እዚህ አይጥልም" ማለት

የተጋነነውን ካርታ የሚጠላ ሰው አንዳንዴ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል። ጃንዋሪ 21፣ 2025 ኒው ኦርሊንስ ላይ 8 ኢንች፣ ሚልተን ፍሎሪዳ ላይ 10 ኢንች ሊሞላ ትንሽ የቀረው በረዶ ወረደ። ከዚያ በፊት የፍሎሪዳ ሪከርድ 4 ኢንች ነበር። የሌክ ቻርልስ ሉዊዚያና የአየር ትንበያ ቢሮ በታሪኩ የመጀመሪያውን የብሊዛርድ (ኃይለኛ ነፋስ ያለበት የበረዶ ማዕበል) ማስጠንቀቂያ ያወጣው ያን ቀን ነው። ሞዴሎቹ አሳይተውት ነበር፣ "ፍሎሪዳ ደግሞ ምን በረዶ አለ" ያለ ሰው ነው የሳተው።

ኢንች ብቻ መቁጠር

ጃንዋሪ 28፣ 2014 አትላንታ ላይ የጣለው ሦስት ኢንች አይሞላም። ያን ቀን እዚህ የነበረ ሰው ግን አይረሳውም። በረዶው የጀመረው እኩለ ቀን አካባቢ ነው፣ ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም ባንዴ ተለቀቀ፣ መንገዱ ቀዝቃዛ ስለነበር የወረደው በመኪና ጎማ ተጨፍልቆ መስታወት ሆነ። ሰው 285 አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ውስጥ አደረ። ልጆች ትምህርት ቤትና አውቶቡስ ውስጥ አደሩ። ካርታው ላይ ሁለት ኢንች የሚለው ቀለም እንኳ አያስደነግጥም ነበር።

ስለዚህ የሚጀምርበትን ሰዓትና የአስፋልቱን ቅዝቃዜ አብራችሁ እዩ። በረዶ ሳይሆን የሚረጋ ዝናብ ከሆነ ደግሞ ሩብ ኢንች ይበቃል፣ አብዛኛው ደቡብ ላይ የአይስ ስቶርም ማስጠንቀቂያ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። መብራት ይሄዳል ማለት ነው። ፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ ላይ ከአራት ሚሊዮን በላይ ቤት መብራት አጥቶ ነበር፣ ቤት ውስጥ በግሪልና በመኪና ጭስ የሞቱም አሉ። እባካችሁ የቡናውን ከሰል ለማሞቂያ ብላችሁ ዘግታችሁ አትተኙበት።

ከጀመረ በኋላም ሞዴል ላይ ማፍጠጥ

መውረድ ከጀመረ ሞዴሉን ዝጉት። አሁን የሚሠራው ራዳር ነው። ራዳርስኮፕ ዓይነት አፕ ካላችሁ ሲሲ የሚለውን፣ ማለትም የሚወርደው ነገር አንድ ዓይነት ነው ወይስ የተደባለቀ የሚለውን የሚያሳየውን፣ ምረጡ። በረዶ ብቻ ያለበት ቦታ ወጥ የሆነ ቀይ ነው፣ መቅለጥ ያለበት ቦታ ደግሞ ቢጫና ሰማያዊ ይቀላቀልበታል። ያ የተቀላቀለ መስመር በየደቂቃው ከደቡብ ወደ እናንተ ሲጠጋ ታዩታላችሁ። ደጃችሁ ሲደርስ በረዶው ወደ ስሊት ይለወጣል።

ኤምፒንግ የሚባለውን ነፃ አፕ አውርዱና የሚወርደውን ነገር መዝግቡበት፣ ተንባዮቹ ራሳቸው ያዩታል። ስሊት ከሆነ የመኪና መስታወት ላይ ይነጥራል። ፍሪዚንግ ሬይን ከሆነ እንደ ተራ ዝናብ ነው የሚመስለው፣ የበሩን እጀታ ስትነኩት ግን እንደ ብርጭቆ ለስላሳ ይሆንባችኋል። ያኔ ዝናብ ብላችሁ እንዳትልኩት፣ ፍሪዚንግ ሬይን የሚለውን ምረጡ።