በገናን ቤት ውስጥ ለምትቀዱ

የበገና ድምፅ ልትቀዱ ካሰባችሁ አንድ ነገር አደራ፦ ጫጫታ ማጥፊያ ፕሮግራሙን አትንኩት! ያ የሚወደድ ንዝረት የሚመጣው በአውታሩና በበርኩማው (አውታሮቹ በሚያርፉበት ድጋፍ) መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራዋ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ንዝረቱን ከጫጫታ ቆጥሮ ይልጠዋል። የሚቀረው ነፍስ የሌለው ድምፅ ነው። በጣም ያሳዝናል።

ጫጫታውን ከምንጩ አጥፉት። ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ። ግድግዳው ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ማይኩን ከበገናው ቆዳ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር አርቁት፣ ትንሽ ወደ ጎን አዙሩት። የመቅጃ ፕሮግራሙን የድምፅ ጥራት 24 ቢት ላይ አድርጋችሁ ቅዱ። ድምፁ ዝቅ ያለ ቢመስላችሁም አትጨነቁ፣ በኋላ ከፍ ይደረጋል። የጅማት አውታር ከሆነ ግን በየቀረጻው መሃል ቅኝቱን ፈትሹ፤ እርጥበትና ሙቀት ቶሎ ያዛንፈዋል።