ፈላጊው ስንት እንደሚሆን ሳይታወቅ የሱቅ ዕቃን እንዴት መያዝ ይቻላል?

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደብተር ነው። አብዛኛው ባለሱቅ የሸጠውን ይጽፋል፤ ደንበኛ ጠይቆት «የለም» ብሎ የመለሰውን ግን አይጽፍም። ዘይት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ካለቀ ደብተሩ የሚያሳየው 3 ጀሪካን መሸጡን ብቻ ነው፤ እስከ ማታ ጠይቀው ባዶ እጃቸውን የተመለሱት 5 ሰዎች የትም አይገኙም። ስለዚህ ለዋና ዋና ዕቃዎች የተሸጠውንና ተጠይቆ የታጣውን ጎን ለጎን፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ያህል ይመዝግቡ።

ቀጥሎ ስንት ሲቀር እንደሚያዝዙ ይወስኑ። ባለ 5 ሊትር ዘይት በቀን በአማካይ 4 ጀሪካን ይፈለጋል፣ ከጅምላ ነጋዴው ታዝዞ እስኪደርስም አብዛኛውን ጊዜ 3 ቀን፣ መኪና ሲጠፋ ደግሞ 5 ቀን ይፈጃል እንበል። በአማካይ ብቻ የሚያስብ ሰው 12 ሲቀረው ያዝዛል፤ መኪናው የዘገየ ዕለት ግን ዕቃው ሳይደርስ መደርደሪያው ይራቆታል። የሚሻለው ደብተሩን ገልጦ የተከታታይ 5 ቀናትን ፍላጎት እየደመሩ ትልቁን ድምር መፈለግ ነው። ድምሩ 27 ከሆነ 27 ሲቀር ይታዘዛል፤ ከ12 በላይ ያለው 15 ጀሪካን መጠባበቂያ ነው። የአንዱን ቀን ከፍተኛ ሽያጭ በ5 አባዝተው የሚይዙ አሉ፤ እንዲህ ያለ ቀን አምስት ጊዜ ተከታትሎ ስለማይመጣ፣ ይህ ገንዘብን መደርደሪያ ላይ ማሰር ይመስለኛል።

ለማያድር ዕቃ ስሌቱ ሌላ ነው። በ8 ብር ተገዝቶ በ10 ብር የሚሸጥ ዳቦ ሲያጥር የሚያመልጠው ትርፍ 2 ብር ሲሆን፣ ሳይሸጥ ሲያድር የሚጠፋው ግን 8 ብር ነው። 2ን ለሁለቱ ድምር ለ10 ሲያካፍሉት 0.2፣ ማለትም ከ10 ሁለት ይመጣል፤ እንግዲህ የ10 ቀን ፍላጎት ከትንሹ ወደ ትልቁ ቢደረደር የሚታዘዘው ሁለተኛው ቁጥር ነው። ዳቦ በአብዛኛው ቀን ማለቁ እንግዲያው ጥፋት አይደለም። እርግጥ ነው፣ ለዳቦ የመጣ ሰው ስኳርም ይዞ ስለሚሄድ ጥቂት ቢጨመርበት አይከፋም።

በጾም ወቅት የደብተሩ አማካይ ያሳስታል። በሁዳዴ 55 ቀናት የእንቁላልና የቅቤ ፈላጊ ይቀንሳል፣ የሽሮና የምስር ይጨምራል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ይገለበጣል። ሁዳዴ የሚገባበት ቀን በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ፣ ያለፈውን ዓመት ደብተር ሲመለከቱ ቀኑን ከቀኑ ሳይሆን የጾሙን ሳምንት ከጾሙ ሳምንት፣ ሰሞነ ሕማማትንም ከሰሞነ ሕማማት ጋር ያነጻጽሩ።